ቀድማ የደረሰችው ሻንጣ

ማድሪድ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2007

ለውድ እናቴ ለዶኛ ኤውሎሂያ ቾኬ
ቪላ ፋቲማ፣ ላ ፓዝ

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ? የኮፓካባና እመቤታችን ካባዋን ባንቺና በልጄ በናይራ ላይ ትዘርጋ እያልኩ፣ በሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን እስማለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። አሠሪዬ ዶኛ ፒላርም ደህና ናቸው። ዳሌያቸውን ከታከሙ ወዲህ ያለ እኔ ክንድ ወጥ ቤት እንኳ አይደርሱም፤ ቀኑን ሙሉ "ሬሜ! ሬሜ!" ነው።

በስልክ መንገር ስችል የምጽፍልሽ፣ በስልክ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ቁም ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ስለሚያልቅ ነው። ይህን ግን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ወሬውን ሰምተሻል መሰለኝ። ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ የእኛ አገር ሰው ያለ ቪዛ እዚህ አይገባም። ናይራን ከዚያ በፊት ካላመጣኋት መቼ እንደማመጣት አላውቅም። አራት ዓመት ሆነ እኮ እማዬ! ጥያት ስመጣ ጫማዋን ማሰር የማትችል ልጅ ነበረች፤ አሁን ፎቶዋን ሳይ ይቺ የማን ልጅ ነች እላለሁ። እኔ የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ እሷ እንደ ጠያቂ እንግዳ እንድትገባ አንድ የዚህ አገር ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ "የጠራኋት እኔ ነኝ" ብሎ መፈረም አለበት። ዶኛ ፒላርን ለመንኳቸው። እምቢ አላሉም። "ልጄ አልቫሮ ይምጣና፤ ወረቀት የሚያውቀው እሱ ነው" አሉኝ።

አልቫሮ ያለው ደግሞ እናንተው አካባቢ ነው! ከፍቅረኛው ከኑሪያ ጋር ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ከአገር አገር ይዞራሉ። ሥራ አጥተው እንዳይመስልሽ፤ ደስ ስለሚላቸው ነው። በዚህ ወር ላ ፓዝ ይገባሉ፣ አድራሻሽን ሰጥቻቸዋለሁ። ጥቂት ቀን ቢሰነብቱ ነው። እንደ ዓይንሽ ብሌን ያዢልኝ። ደስ ብሏቸው ከተመለሱ እናቱ ይፈርማሉ፤ ከተከፉ ግን እኔ እንጃ። ቹኞ፣ ያን የደረቀ ድንች፣ አታቅርቢላቸው፣ ድንጋይ ቀቅላ አበላችን ይሉሻል። ገንዘብ ቢሰጡሽ እንዳትቀበይ። ዓይናቸው ያረፈበትን ነገር አትንፈጊያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አላሲታ ደርሷል፤ በድንክዬ የገዛነው በዓመቱ እውን ይሆናል እንላለን እኮ። በየዓመቱ በዓሉ ሲመጣ ለናይራ የምትገዢላት ድንክዬ ቤት ነው፤ አንድ ጊዜም ድንክዬ ሻንጣ ገዝተሽላት አታውቂም። ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። ዘንድሮ ግን ሻንጣ ግዢላት። እኩለ ቀን ላይ፣ ደወሉ ሲደወል። እኔም እዚህ የደረስኩት አክስቴ በገዛችልኝ ሻንጣ እንደሆነ አትርሺ።

ልጅሽ ሬሜዲዮስ


ላ ፓዝ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2007

ለልጄ ለሬሜዲዮስ

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ፣ እናት ምድርም በሰው አገር እግርሽን ታጽና። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ሲዘንብ ያመኛል፣ ፀሐይ ሲወጣ እረሳዋለሁ። የላክሽው ቅባት አልቋል፣ ሌላ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

እንግዶችሽ መጡ፣ ሄዱም። እሑድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ብከፍት፣ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ቤታቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ደረጃችንን በእግራቸው ወጥተውት ልጁን ከፍታው ጥሎታል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ዶኛ ኤውሎሂያ፣ ስለ እርስዎ ብዙ..." አለና የናይራ ዶሮዎች ፊት አስመለሰ። ትውውቃችን ይኸው ነው። አልጋዬ ላይ አስተኝቼ የኮካ ሻይ አጠጣሁት፤ እኔና ናይራ የድንች ጆንያ ላይ ተኛን። ኑሪያን ግን ዳገቱ ምንም አላላትም፣ ፍየል ነች። መቼስ ሐሰት አልናገርም፣ ደግ ልጅ ነች። ለሁሉም ታመሰግናለች፤ ለሚኒባስ ሹፌሩም፣ ለጎረቤት ውሻም።

ማግስቱን ገበያ ወሰድኳት። ድንች ስመዝን አጠገቤ ቁጭ ብላ ፎቶ ታነሳለች። የናይራ ክርስትና እናት አሱንታ ከማዶ ሆና ጀመረችኝ።

"ኤውሎሂያ! ይቺን ነጭ ከየት አመጣሻት? ከድንቹ ጋር በቀለች?"

"የሬሜ እመቤት ምራት ነች፣ አርፈሽ ሽንኩርትሽን ሽጪ።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ? ሚዛኑ ላይ አውጫታ! በኪሎ ስንት ነች?"

አሱንታ በእኛው ቋንቋ በአይማራ የተናገረች መስሏታል፤ ለካስ በስፓኒሽ ነው። ኑሪያ ከልቧ ሳቀች። አሱንታ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፍታ እስከ ማታ ቀና አላለችም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። አልቫሮ የተሻለው ዕለት ሾርባ አቀረብኩለት፣ ጨረሰ። "ልጨምርልህ?" አልኩት፤ ለወጉ ነው እንጂ የቀረው የናይራ ድርሻ ነበር። አፌን ሳልዘጋ ሳህኑን ዘረጋልኝ! አንድ ጊዜ እንኳ "ኧረ በቃኝ" አላለም። ኑሪያን ደግሞ "ብዪ እንጂ ልጄ" ብላት "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለች። ሁለተኛ ልለምናት ጭልፋውን ሳነሳ እሷ ሳህኗን ልታጥብ ሄዳለች። እነዚህ ሰዎች ያሉትን ነው ለካ የሚሉት። እኛ ሦስት ጊዜ ካልተለመንን አንቀበልም፤ በመጀመሪያው የተቀበለ ሆዳም ነው ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ብታያቸው ጉድ ትል ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አልፈጠረባቸውም። ሳስበው ያስቀናል።

ረቡዕ አራታችንም አላሲታ ወረድን። ሻንጣዋን ገዛሁ። ይኸው ጻፍኩልሽ፣ ገዛሁ። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፣ ቡናማ ነች፣ መቆለፊያም አላት። ውስጧ ፓስፖርት አለ፣ የአውሮፕላን ቲኬት አለ፣ የፈረንጅ ብር አለ። ናይራ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ጉንዳን በምታክል ጽሕፈት ፓስፖርቱ ላይ ስሟን ጻፈች። ደወሉ ሲደወል አዋቂው አልኮል ረጨላት፣ አበባ በተነላት።

"አያቴ፣ አሁን መሄዴ ነው?" አለችኝ።

"ነው" አልኳት። አበባውን ከፀጉሯ ላይ አራገፍኩላት።

ሻንጣዋን እንደ ወጉ የቤታችን ጠባቂ የጉንጫሙ የኤኬኮ ሐውልት ትከሻ ላይ ሰቀልናት። አርብ ጠዋት እንግዶቹ ወደ ደቡብ ሄዱ። ቤቱ ጭር ብሏል። ናይራም ከዚያ ወዲህ ወሬ ቀንሳለች። ሌላም የምጽፍልሽ ነበረኝ፣ ግን ደብዳቤውን የሚወስድልኝ ሰው በር ላይ ቆሟል። መቼስ በዚህ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደናንተ እየበረረ ነው፣ መልእክተኛ አይጠፋም።

እናትሽ


ማድሪድ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2007

ለውድ እናቴ

እማዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ለኔም እጅሽን የምስምበትን ቀን ያሳየኝ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። በአሱንታ ስስቅ ዶኛ ፒላር "ምን ሆነሻል?" ብለው ከሳሎን ተጣሩ።

ሻንጣ ገዝተሽላታል! ምን ልበልሽ። ደስ ሳይልሽ እንደገዛሽው አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ሁለት ጊዜ የማመሰግንሽ። ከኤኬኮ ትከሻ ላይ እንዳትወርድ። አርብ አርብ ሲጋራውን ለኩሺለት፣ እንዳይቀየመን።

ከአልቫሮና ከኑሪያም ፖስት ካርድ መጥቷል። ዶኛ ፒላር ጮክ ብለው አነበቡልኝ። "የሬሜ እናት ቅድስት ናት። አልጋዋን ለቀቀችልን፤ የሰጠችንን ስጦታ ስንመጣ ታያላችሁ" ይላል። ምንድን ነው የሰጠሻቸው፣ ሹራብ ነው? ምንም ይሁን፣ እጅሽ ይባረክ። ዶኛ ፒላር ፊታቸው በርቶ ነው የዋለው። ፊርማውን ግን አሁንም አልቫሮ ይምጣ ነው የሚሉት። በየማለዳው ቡናቸውን ሳቀርብ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፣ መጠየቁን ግን እፈራለሁ። ሰለቸሽን እንዳይሉኝ።

የአሱንታ ልጅ ፍሎራ ማርች 27 ልትበር ነው፤ ናይራን ከእሷ ጋር አስይዣታለሁ። የልደት ወረቀቷንና ያንቺን የፈቃድ ወረቀት ቶሎ ላኪልኝ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ጠባብ ነች፣ ቢሆንም ከአልጋዬ ሥር የሚሳብ ፍራሽ አግኝቻለሁ። ቅባትሽን በፖስታ ልኬዋለሁ።

ልጅሽ ሬሜዲዮስ


ላ ፓዝ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2007

ለሬሜዲዮስ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የጠየቅሽኝ ወረቀቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሉ። ዝናቡ ከብዷል፣ የጎረቤታችን አጥር ተንዷል። የናይራ የላይኛው ጥርሷ ወልቋል፣ ስትናገር ያፏጫል። እዚያ አገር ትምህርት ቤት በዚህ ይስቁባታል? ሾርባ ሲቀዘቅዝ አትወድም። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ብቻዋን አታስተኚያት የሚልሽ ሰው ከሌለ ብዬ ነው።

ሌላ ቅባት አትላኪልኝ፣ ጉልበቴን ተይው።

ስለ ሻንጣዋ አደራ ብለሽኛል። ደህና ቦታ ነች። ኤኬኮም ሲጋራውን እያጨሰ ነው።

እናትሽ


ማድሪድ፣ ማርች 9 ቀን 2007

እማዬ

የዛሬውን ሰላምታ አንቺው ሙዪልኝ። ሥራ አልገኝለት ያለ የኦሩሮ ልጅ ነገ ወደ አገር ይመለሳል፣ ይህን የሚያደርስልሽ እሱ ነው።

አልቫሮና ኑሪያ ቅዳሜ ተመለሱ። ያመጡትን ሁሉ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ደረደሩት። ሰኞ አቧራ ስጠርግ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከአንድ የእንጨት ዝሆን ጎን፣ ቡናማ ሻንጣ አየሁ። ከአውራ ጣት የማትበልጥ። በየዓመቱ ሺ ሻንጣ ይሸጣል፣ ሌላ ትሆናለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በጥፍሬ ከፈትኳት። ፓስፖርቷን ገለጥኩት። የልጄ ጽሕፈት ነው እማዬ። ናይራ ይላል።

ደህና ቦታ ነች አልሽኝ። አዎ፣ በጣም ደህና ቦታ ነች።

ኑሪያን "ይቺ ከየት ነች?" አልኳት፣ እንደዋዛ። "እናትሽ እኮ ነች የሰጠችኝ! ውሰጂ ብላ!" አለችኝ። ዓይኗ በርቶ ነው የነገረችኝ። ምን ልበላት? እናቴ የሰጠችው ከልቧ አይደለም ልበል? አንቺን ውሸታም፣ እሷን ደግሞ ቀማኛ ማድረግ ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ዶኛ ፒላር በአልቫሮ ክንድ ተደግፈው ሄደው ፈረሙልኝ! ወረቀቱ እጄ ገብቷል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ እያመሰገንኩ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ነበር። እንደፈረሙልኝ ዕቃዬን መልሱ ብል ምን ይሉኛል?

በየቀኑ አቧራዋን እጠርጋለሁ። ግን እማዬ፣ የልጄን መንገድ እንዴት ለመንገደኛ ትሰጫለሽ?

ሬሜዲዮስ


ላ ፓዝ፣ ማርች 19 ቀን 2007

ልጄ ሬሜ

እግዚአብሔር ልብሽን ያብርደው። በኔ ላይ ያለሽን ቁጣ ግን አይደለም፤ እሱን ይዘሽ ቆዪ፣ ይገባኛል። ይህን ደብዳቤ ከፍሎራ በፊት የሚበር ሰው ስለተገኘ በእሱ ልኬዋለሁ፣ ልጅሽ ሳትደርስ እንድታነቢው።

አርብ ጠዋት ቦርሳቸውን አዝለው ሊወጡ ሲሉ ኑሪያ ኤኬኮን ልትሰናበት ተመለሰች። ልጅቷ ሐውልትም ትሰናበታለች። ሻንጣዋን ከትከሻው ላይ በሁለት ጣቷ አንስታ "ውይ ስታምር! ውይ ስታሳሳ!" አለች። እንግዳ ቤትሽ ያለ ዕቃ ሲያደንቅ ምን ይባላል? አንቺስ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር? "ውሰጂያት ልጄ፣ ያንቺው ነች" አልኳት። አንቺም ዓይናቸው ያረፈበትን አትንፈጊ ብለሽኛል። "ኧረ አይሆንም፣ የልጅቷ ነች" እስክትል ጠበቅሁ። እኔም ሁለተኛ እላታለሁ፣ እሷም ሁለተኛ እምቢ ትላለች፣ ከዚያ መልሰን እንሰቅላታለን።

አቅፋ ሳመችኝ! ጉንጬ ሳይደርቅ ሻንጣዋ ኪሷ ገባች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ናይራ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። "ለወጉ ያህል ነው ያልኩሽ፣ መልሺ" በየትኛው አፍ ይባላል? ደረጃውን ሲወርዱ እጄን አውለበልብ ነበር።

ከታጠፉ በኋላ ናይራ "አያቴ፣ እሷ እኮ ሻንጣ አላት። ትልቅ" አለችኝ።

የዚያኑ ቀን ሌላ ልገዛ ወረድኩ። ግን ቀኑ ያለፈበት፣ ደወል ያልተደወለለት ሻንጣ መጫወቻ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። አዋቂውም "የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል ወይ?" ብሎ ሳቀብኝ።

አሱንታ ሆን ብለሽ ነው ትለኛለች። "አንቺ አሮጊት፣ ልጅቷ እንዳትሄድብሽ ነው እንጂ አፍሽስ ጤነኛ ነው!" አለችኝ ገበያ መሐል። ተጣላን። ቤቴ ገብቼ ግን አሰብኩበት። እውነቱን ልንገርሽ ሬሜ፣ አላውቅም። ሦስት ወልጄ ሦስታችሁም በዚያች ደረጃ ወርዳችሁ ቀራችሁ። ናይራ ስትተኛ እግሯን ሆዴ ላይ ነው የምትጥለው፤ ያለ እሱ እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም። ግን እንዳትሄድብኝ ብዬ ያደረግሁት አይመስለኝም። አይመስለኝም ነው የምልሽ፣ ከዚህ በላይ መማል አልችልም።

አሁን ሁሉ ነገሯ ዝግጁ ነው። ቀዩን ሹራብ ታደርጋለች፣ ከሩቅ እንድትለዪያት። ለፖሊሱ የምትለውንም ከፍሎራ ጋር እናስጠናታለን፤ "ዶኛ ፒላርን ልጠይቅ ነው፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ።" እንደ ጸሎት ነው የምትለው፣ አንድ ቃል አትስትም።

እናትሽ ኤውሎሂያ


ማድሪድ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2007፣ ፋሲካ

ለእናቴ

እንኳን አደረሰሽ። ጌታ የተነሣበት ቀን ያንቺንም ወገብ ያቅናልሽ፣ የልጄንም ልብ ያጽናናልኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሆነውን ከናይራና ከፍሎራ አፍ ሰምተሻል። ውጭ የሆነውን ከኔ ስሚ። ከማለዳ ጀምሮ በሩ ፊት ቆምኩ። በሩ በራሱ ይከፈታል፣ በራሱ ይዘጋል። ሲከፈት አንገቴን አስግጋለሁ። ከላ ፓዝ የመጡት ጥቂቶቹ ወጡ፣ ተቃቀፉ፣ ሄዱ። አንድ ጊዜ በሩ ሲከፈት ከሩቅ ቀይ ሹራብ ያየሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ተዘጋ። ልገባ ስል ጠባቂው በክንዱ መለሰኝ። አልቫሮ ጋ ደወልኩ። "ወረቀቱማ ሙሉ ነው፣ ምን ሆኑ?" አለኝ። እሱም ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

ፍሎራ ከውስጥ ስትደውልልኝ ሁሉም አልቋል። ናይራ ያስጠናችኋትን ሁሉ በትክክል መለሰች አለችኝ። ፖሊሱም ደስ ብሎት ማህተሙን አንስቶ ነበር። ከዚያ ለጨዋታ ያህል "እና እዚህ ምን ልታዪ ነው የመጣሽው?" አላት።

"እናቴን" አለችው።

አትቆጫት እማዬ። የጠየቃትን ነው የመለሰችው። ልትቀር እንደመጣች ገብቷቸው በመጡበት አውሮፕላን ሁለቱንም መለሷቸው፤ እኔ የበሩን መከፈትና መዘጋት እያየሁ ነው የዋልኩት። አልቫሮና ኑሪያ አገራችን ሲገቡ ምን ልታዩ መጣችሁ ያላቸው ሰው እንደሌለ አሰብኩ። እነሱ ምን አጠፉ ግን? ማንንም ልጠላ ብፈልግ የምጠላው አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ኑሪያ መጣች። ሰምታለች፣ አልቅሳም ነበር። ወደ መደርደሪያው ሄዳ ሻንጣዋን አነሳች፣ ከፈተች፣ ስሙን ያን ጊዜ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ። "ሬሜ፣ ይቺ እኮ የናይራ ነች! አላወቅሁም። እንኪ፣ ውሰጃት፣ ያንቺ ነች" አለችኝ።

እጇን ዘርግታ ቆማለች። ሻንጣዋ መዳፏ ላይ ነች። ይህን ቀን ስመኘው ነው የከረምኩት። አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኧረ በፍጹም አይሆንም! እናቴ ለአንቺ የሰጠችሽን እኔ ልቀበል?" አለ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ፈገግ ብዬ። ከዚያ ጠበቅሁ። "ኧረ በሞቴ ሬሜ" እስክትለኝ ጠበቅሁ። ያኔም አንድ ጊዜ እምቢ እልና በሦስተኛው እቀበላለሁ።

"እሺ፣ እንደወደድሽ። በጣም አመሰግናለሁ" አለች፤ መልሳም ከዝሆኑ አጠገብ አስቀመጠቻት።

እንግዲህ አንቺን መውቀሴን ትቻለሁ። አፍሽን እኔም ወርሼዋለሁ። ከአሱንታም ታረቂ። ናይራ ማታ እግሯን ሆድሽ ላይ ስትጥል አታንሺባት፣ በኔም ስም ያዢው። ያን ቅባት እንደገና ልኬልሻለሁ፣ እምቢ አትበዪኝ።

ኑሪያ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች። ዛሬም ትመጣለች። ጠዋት አቧራ ስጠርግ ሻንጣዋን ከዝሆኑ ፊት ወደ መደርደሪያው ጠርዝ ትንሽ አውጥቼ አስቀምጫታለሁ፣ ዓይኗ እንዲያርፍባት። ሁለተኛ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነው።

ልጅሽ ሬሜዲዮስ